የኮሮላውን ስፒከር ለጠየቅከው ወንድም፦ መጀመሪያ የበሩን ሽቦ እይ

ወንድሜ፣ «ኮሮላ 110 አለኝ፣ በሾፌር በኩል ያለው ስፒከር እየጠፋ እየመጣ ይንኮሻኮሻል፣ በጋቢና ተሳፋሪ በኩል ያለው ደግሞ ድምፅ ስጨምርበት ይንጫረራል፤ የሄድኩበት ሱቅ አራቱንም ስፒከር ከነቴፑ ቀይር አለኝ፤ ምን ይሻለኛል?» ብለህ የጠየቅከውን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ምልክቱ እኔ መኪና ላይ የነበረው ነው፤ የተሰጠህም መልስ ቃል በቃል ለኔ የተሰጠኝ ነው። ይህን አንብበህ ሳትጨርስ ለማንም ቀብድ እንዳትከፍል።

1. መኪናውን አቁመህ ዘፈን ክፈት። ባላንሱን (ድምፁን ግራና ቀኝ የሚያከፋፍለውን) ሙሉ በሙሉ ወደ ሾፌር በኩል፣ ፌደሩን (ፊትና ኋላ የሚያከፋፍለውን) ወደ ፊት አድርገህ ያ ስፒከር ብቻውን እንዲሰማ አድርግ። አሁን በሩን ቀስ እያልክ ክፈት፣ ቀስ እያልክ ዝጋ። የሆነ ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ጠፍቶ ከተመለሰ ጥፋቱ የስፒከሩ አይደለም። በበሩና በመኪናው ቦዲ መካከል፣ ማጠፊያው አጠገብ፣ ጥቁር የጎማ ቱቦ አለ። የመስታወቱም የቁልፉም የስፒከሩም ሽቦ የሚያልፈው በዚያ ውስጥ ነው። የሾፌር በር በቀን ስንት ጊዜ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ አስብ። ከሃያ ዓመት በላይ እንዲህ ሲታጠፍ የኖረ ሽቦ መዳቡ ውስጥ ለውስጥ ይበጠሳል፣ ከላይ ያለው ፕላስቲክ ግን ደህና መስሎ ይቆያል። የሚሄድ የሚመጣው ለዚህ ነው። መስታወቱ አንዳንዴ አልወርድም የሚልህ ከሆነማ ጥርጥር የለውም።

2. ቴስተር (የኦምና የቮልት መለኪያ) ያለው ሰው ፈልግ። ቴፑን ከክሩስኮቱ አውጥተህ ከጀርባው ያለውን ሶኬት ንቀልና የእያንዳንዱን ስፒከር ሁለት ሽቦ በኦም ለካ። 4 ኦም የተባለ ደህና ስፒከር በቴስተር ሲለካ ከ3.2 እስከ 3.6 አካባቢ ያሳያል። ምንም ካላነበበ ወይ ሽቦው ተቆርጧል ወይ ኮይሉ፣ ማለትም ስፒከሩ ውስጥ ማግኔቱ ጋ ያለው የሽቦ ጥቅልል፣ ተቃጥሏል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የበሩን የውስጥ ሽፋን ፈትተህ ስፒከሩ ላይ በቀጥታ ለካ። ከዚያ ሶኬቱ እንደተነቀለ እያንዳንዱን ሽቦ ከቦዲ ጋር ለካ፤ ከቦዲ ጋር ፈጽሞ መገናኘት የለበትም። ቴስተር ከጠፋ አንድ የግድግዳ ሰዓት ባትሪ ይበቃል፤ የስፒከሩን ሁለት እግር ነካ ስታደርግበት «ቋ» ካለ ኮይሉ አልተቃጠለም። የስፒከሩ ወረቀት (ፊት ለፊት የሚርገበገበው) ወደ ውጭ ሲገፋ የባትሪው ፕላስ የነካው እግር የስፒከሩ ፕላስ ነው፤ በእስክሪብቶ ምልክት አድርግበት። መልሰህ ስትገጥም አንዱ በር ፕላስና ማይነሱ ከተገለበጠ ሁለቱ ስፒከሮች እየተቃረኑ ቤዙን ይበሉታል፤ ሰው ግን «ስፒከሩ ደካማ ነው» ብሎ ሌላ ይገዛል።

3. የስፒከርህን ማይነስ ማንም ሰው ቦዲ ላይ እንዳያስርብህ! ይህን ሁሉ የምጽፍልህ በዚህች ምክንያት ነው።

እኔ የሄድኩበት ሱቅ፣ ስሙን አልጠራም፣ በሩን እንኳ ሳይከፍት ነው «ስፒከሮቹ ተቃጥለዋል» ያለኝ። ሁለት አዲስ ስፒከር ገጠሙ። ኦሪጅናሉን ሶኬት በፒንሳ ቆረጡት፤ አንድ የጫፍ ማገናኛ ገዝቶ ማስገባት ሲቻል። በሾፌር በኩል ያው መንኮሻኮሽ ቀጠለ፣ ምክንያቱም በሽታው ከመጀመሪያውም ሽቦው ላይ ነበር። ገጣሚው ልጅ ቆይቶ አንዷ ሽቦ ቱቦው ውስጥ መበጠሷን አገኘ። እሷን መቀጠል ወይም አዲስ ሽቦ በቱቦው ማሳለፍ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ምን አደረገ? የስፒከሩን ማይነስ በሩ ብረት ላይ በብሎን አሰረው። እንዴ ስለው «ማይነስ ማይነስ ነው፣ ቦዲው ሁሉ ማይነስ አይደል?» አለኝ። ባለቤቱም ከወንበሩ ሳይነሳ «ልጁ ሥራውን ያውቃል፣ አንተ ውጭ ጠብቅ» አለ።

ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ አንድ ሽቦ ብቻ ወደ ስፒከር ሄዶ ሌላው ከቦዲ ጋር የሚታሰርባቸው ራዲዮኖች ነበሩ። ዛሬ ሱቅ ውስጥ የምታያቸው ቴፖች ግን እንደዚያ አይሠሩም። በሁለቱም የስፒከር ሽቦ ላይ ኃይል አለ። ቴፑ ተከፍቶ ዘፈን ባይኖርም እንኳ እያንዳንዷን ሽቦ ከቦዲ ጋር ብትለካ ከባትሪው ግማሽ ያህሉን፣ 6 ወይም 7 ቮልት ታገኛለህ። በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ልዩነት ስለሌለ ስፒከሩ አይነካም። አንዷን ቦዲ ላይ ካሰርካት ግን ያ 7 ቮልት በኮይሉ በኩል በቀጥታ ወደ ቦዲ ይፈሳል፤ 3.5 ኦም ለሆነ ኮይል 2 አምፒር ማለት ነው፣ ያለማቋረጥ። መከላከያ ያለው ቴፕ ራሱን ያጠፋል። የኔ መከላከያ አልነበረውም። ቤት ሳልደርስ የተቃጠለ ሽታ መጣ፣ የቴፑ የኃይል አይሲ (ድምፁን የሚያጎላው ቺፕ) ሄደ፣ የአዲሱ ስፒከር ኮይልም አብሮ ሄደ።

ተመልሼ ስሄድ ያገኘሁት መልስ «አሮጌ መኪና ይዘህ መጥተህ ምን ትጠብቃለህ፣ ቴፑም አርጅቶ ነው፣ ሌላ እንሸጥልህ» የሚል ነበር። ደረሰኝ ስጠይቅ ደግሞ «ለዚህች ሥራ ምን ደረሰኝ ይቆረጣል» ተባልኩ። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። መኪናው ያረጀ ቢሆንም ባለቤቱ ያቀረበው ገንዘብ አላረጀም። ደግሞስ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከ2016 ጀምሮ ከተከለከለ ወዲህ ያለንን አሮጌ መኪና ተንከባክበን ከመያዝ ሌላ ምን አለን? በኮሮላ የሚኖር ስንት ቤተሰብ አለ!

አንድ ነገር ግን አስመልሻለሁ፦ ሁለቱን ኦሪጅናል ስፒከሮቼን። «ጥለናቸዋል» ሲሉኝ ከባንኮኒው ሥር ካለው ካርቶን ራሴ አወጣኋቸው። አንተም አሮጌ ዕቃህን ጥለህ እንዳትወጣ፤ ለነሱ ቆሻሻ ቢሆን ኖሮ አይደብቁትም ነበር። ቤት ወስጄ ስለካው የሾፌር በኩሉ 3.4 ኦም። ምንም ያልሆነ ስፒከር ነበር። ዛሬም በሬ ላይ ያለው እሱ ነው፣ ድምፁም ከአዲሶቹ ይጥማል።

ሽቦውን የቀጠልኩት ራሴ ነኝ። የባትሪውን ማይነስ ፈታሁ፣ የጎማ ቱቦውን ከሁለቱም በኩል በካቻቪቴ ቀስ ብዬ አወጣሁ፣ የተበጠሰችውን አገኘሁ። ዋናው ነገር መታጠፊያው ላይ መገጣጠሚያ እንዳይኖር ነው፤ የደከመውን ክፍል ቆርጠህ ጥለህ ብዙ ቀጭን ክሮች ያሉት ለስላሳ ሽቦ ታስገባለህ፣ አንዱን መገጣጠሚያ በሩ ውስጥ፣ ሌላውን ከክሩስኮቱ ሥር ታደርጋለህ። በሳልዳቶሬና በስታኞ በይደው፣ በሙቀት በሚጨማደደው ላስቲክ ሸፍነው። ጠምዝዞ ፕላስተር መጠቅለል የሰነፍ ሥራ ነው፣ ሙቀት ሲመጣ ፕላስተሩ ይላቀቃል። ሽቦው ላይ ትንሽ ትርፍ ተውለት፣ በሩ ሙሉ ሲከፈት መወጠር የለበትም።

አሁን ወደ ተሳፋሪው በኩል። እዚህ ስፒከሩ ራሱ ነው የታመመው፣ ግን ይህም «ተቃጥሏል» ማለት አይደለም። ድምፅ ሲጨመር የሚንጫረር ከሆነ ወረቀቱን ከብረቱ ጋር የሚያገናኘውን ዙሪያውን ያለ ስፖንጅ እየው። የኔን በጣቴ ስነካው እንደ ደረቀ አምባሻ ፈረፈረ። ይህ ስፖንጅ በሙቀትና በእርጥበት ከ10 እስከ 15 ዓመት ውስጥ የሚበሰብስ ነገር ነው፤ ኮይሉና ማግኔቱ ግን ደህና ሊሆኑ ይችላሉ። ለማረጋገጥ ወረቀቱን በሁለት አውራ ጣት እኩል አድርገህ ወደ ውስጥ ግፋው። ያለ ምንም ድምፅ ከገባና ከወጣ ይድናል። «ኮር ኮር» ካለ ኮይሉ ማግኔቱን እየፋቀ ነው፣ እሱን አትልፋበት።

ስፖንጁ ለብቻው ተሸጦ ካላገኘህ ምናለሽ ተራ ግባና ኮይሉ የተቃጠለ፣ ዙሪያው ግን የጎማ የሆነ፣ የወረቀቱ ስፋት ካንተው ጋር እኩል የሆነ ስፒከር ፈልግ። ስፒከርህን ይዘህ ሂድ፤ በዓይን ግምት እንዳትገዛ። ዙሪያውን በቀጭን ምላጭ ታወጣለህ። የራስህን የበሰበሰ ስፖንጅና የድሮ ማጣበቂያ በአልኮል ጠርገህ ብረቱ እስኪታይ አጽዳ። መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ በማስቲሽ አጣብቀህ እንዲደርቅ ትተወዋለህ። ቀጥሎ ብረቱ ላይ ስታጣብቅ ነው ጭንቁ፦ ኮይሉ መሃል ላይ መቀመጥ አለበት። ማጣበቂያው ሳይደርቅ ወረቀቱን በቀስታ ወደ ውስጥ ወደ ውጭ እያልክ፣ የትም ቦታ እንደማይፋቅ እያዳመጥክ አስተካክለው። ሱፐር ግሉ እንዳትጠቀም፤ ደርቆ ድንጋይ ይሆናል፣ ማስተካከያ ጊዜም አይሰጥህም። ሌሊቱን አሳድረው። የኔ ይኸው እስከ ዛሬ ይዘፍናል፣ ጎረቤቶቼም የነሱን ይዘው እየመጡ ሠርቼላቸዋለሁ።

ኮይሉ ሞቶ መግዛት ግድ ቢሆንብህስ? ካርቶኑ ላይ «600 ዋት» የሚለውን አትመልከት፣ ያ ለቅጽበት የሚባል ቁጥር ነው። ፊቱ ላይ «4 በ50 ዋት» የተጻፈበት ቴፕ እንኳ ሳይንሻፈፍ ለአንድ ስፒከር የሚሰጠው ከ15 እስከ 20 ዋት ገደማ ነው። አምፕሊፋየር ለሌለው ሰው የሚጠቅመው በ1 ዋት በ1 ሜትር ላይ ስንት ዴሲቤል እንደሚሰጥ የሚናገረው ቁጥር ነው። 87 እና 90 የተጻፈባቸው ሁለት ስፒከሮች ቢቀርቡልህ ባለ 90ውን ውሰድ፤ በሦስቱ ዴሲቤል ልዩነት ምክንያት ባለ 87ቱ እኩል እንዲጮህ ቴፑ እጥፍ ኃይል ማውጣት አለበት። 4 ኦም መሆኑንም እይ፤ ሁለት ስፒከር አንድ መስመር ላይ ደርበህ ደግሞ 2 ኦም እንዳታደርግበት። ጥልቀቱን በሜትር ለካ፣ መስታወቱ ሲወርድ ከማግኔቱ ጀርባ ነው የሚያልፈው። ሶማሌ ተራ ከፈረሰ መኪና የወጣ ኦሪጅናል ከተገኘ ግን እኔ ከፎርጅዱ አዲስ እሱን እመርጣለሁ፤ እዚያው በባትሪ «ቋ» አስብለው፣ ዙሪያውን በጣትህ ፈትሽ፣ ከዚያ ዋጋ ተነጋገር።

የበሩን ሽፋን ስትፈታ ከኋላው በጥቁር ማጣበቂያ የተለጠፈ ላስቲክ ታገኛለህ። እሱ ትርፍ ነገር አይደለም። ዝናብ በመስታወቱ ጠርዝ በኩል በሩ ውስጥ ይገባል፣ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል፤ ላስቲኩ ነው ወደ መኪናው ውስጥ እንዳያልፍ የሚያግደው። የኔን ያ ሱቅ ቀድዶ ጣለውና ክረምት ሲገባ የእግር ምንጣፌ ሥር ውኃ ቋጠረ። በወፍራም ላስቲክ ቆርጠህ ተካው፣ ዙሪያውን በደንብ አጣብቀው፣ የታች ቀዳዳዎቹንም ከጭቃ በሽቦ ጥረጋቸው።

አሁን ማድረግ ያለብህ የበር ፈተናውንና የቴስተሩን ልኬት ነው። የሁለቱንም በር የኦም ቁጥር፣ ከተሳፋሪው በኩል ደግሞ የስፖንጁን ፎቶ ከነወረቀቱ ስፋት በሴንቲሜትር እዚሁ ለጥፍልኝ፤ የሚገጥምህን ዙሪያ አብረን እንፈልጋለን።