ለመጋዝ ሰንሰለት ዘይት ስትገዙ

የሞተር መጋዝ ይዛችሁ ባሕር ዛፍ ለምትቆርጡ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት ኮምቦልቻ፣ ጋራዥ ውስጥ ነው። ከደሴ ዙሪያም ከኩታበርም መጋዝ ይመጣልኛል። ሁሉም ስለ ሞተሩ ይጠይቀኛል፤ ስለ ሰንሰለቱ ዘይት የሚጠይቀኝ ግን የለም።

የመኪና ሞተር ዘይት ሥራውን ጨርሶ ወደ እጃችሁ ይመለሳል፤ አፍስሳችሁ በጀሪካን ታስቀምጡታላችሁ። የሰንሰለት ዘይት አይመለስም። ፓምፑ ሰንሰለቱ ወደሚዞርበት ረጅም ብረት፣ ወደ ባሩ ይገፋዋል፣ ሰንሰለቱ በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ እየሮጠ ሰጋቱራው ላይ፣ ጉቶው ላይ፣ ሱሪያችሁ ላይ ይረጨዋል። የዘይቱ ሰልባቲዮ የተሠራው ቤንዚኑ ሲያልቅ አብሮ ለማለቅ እንዲቃረብ ነው። እንግዲህ ቤንዚን በሞላችሁ ቁጥር አንድ ሰልባቲዮ ዘይት ገደማ መሬት ጠጥቶታል ማለት ነው። ዝናቡ ከተዳፋቱ አጥቦ ወዴት እንደሚወስደው የቦርከናን ወንዝ ለሚያውቅ ሰው አይነገረውም።

እንዲህ ተረጭቶ ለሚቀር ነገር ገንዘብ ማውጣት ያንገበግባል። ለዚህ ነው ብዙዎቻችሁ ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ለምናችሁ የምትሞሉት። በቁጠባ ሂሳብም ቢሆን አያዋጣም። የብረት ብናኝና ጥላሸት ይዞ የወጣ ዘይት ፓምፑን ይበላል፣ የባሩን ቦይ ያሰፋል። ቆዳ ላይ ሲደጋገም ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችልም የመጋዝ መመሪያዎች ላይ ሳይቀር ተጽፏል፤ ማንበቡን የሚወድ ጠፋ እንጂ።

አፈር ውስጥ የሚበሰብሰው ዘይት አለ፤ አውሮፓ ውስጥ በብዛት የሚሠራው ከጎመን ዘር ነው። ኦስትሪያማ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ለመጋዝ ሰንሰለት የማዕድን ዘይት፣ ማለትም ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣውን፣ ከልክላለች። «ይበሰብሳል» የሚባለውም በመለኪያ ነው፦ በተለመደው ምርመራ በ28 ቀን ውስጥ ቢያንስ 60 በመቶው በረቂቅ ተሕዋስያን መበላት አለበት። ጀሪካኑ ላይ ቅጠል ስለተሳለ ብቻ አትመኑ፤ የምርመራውን ወረቀት ጠይቁ። ይበሰብሳል ማለት ደግሞ ምንጭ ውስጥ ይደፋ ማለት አይደለም።

«ታዲያ የወጥ ዘይት ብንሞላስ?» እንዳትሉኝ። እናቶቻችሁ አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሲያሟሹ አይታችኋል፤ ቅባቱ ሙቀት ሲመታው ደርቆ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ ሽፋን ይሆናል። ምጣድ ላይ ሙያ የሆነው ነገር ፓምፕ ውስጥ ጣጣ ነው። ተልባ ደግሞ ይብሳል፤ ቀለም ሠሪዎች የሚፈልጉት ቶሎ ስለሚደርቅ አይደል? ፋብሪካ የሚያወጣው የሰንሰለት ዘይት ይህን የሚያዘገይ ንጥረ ነገር ይጨመርበታል፤ እሱም ቢሆን መጋዙ ውስጥ ወራት ከተኛ ይጣበቃል። ሰንሰለቱ ባሩ ላይ ደርቆ ንቅንቅ የማይል መጋዝ ስንቴ መጥቶልኛል!

ስለዚህ ለክረምት ስታስቀምጡት ሰልባቲዮውን አራግፉ። የፍሪሲዮኑን ክዳን ፍቱና ከሰጋቱራ ጋር የተቦካውን ጥቁር ጭቃ ጥረጉ፤ የባሩን ቦይና የዘይቱን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ጫሩ። ሥራ ስትጀምሩ የባሩን ጫፍ ሳታስነኩ ወደ ካርቶን አዙራችሁ ነዳጅ ስጡት። ካርቶኑ ላይ ቀጭን የዘይት መስመር ካልወጣ ዛፍ አትንኩ።

ትራክተርና ግንድ ጫኚ ያላችሁ ስለ ሃይድሮሊኩ ትጠይቁኛላችሁ። ለእሱም የሚበሰብስ ዘይት አለ፤ ግን በድሮው ላይ ጨምሮ መሄድ አይቻልም። አይሶ 15380 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የሚቀረው የድሮ ዘይት ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል፤ ሲሊንደሩና ቱቦው ውስጥ የተኛው ሁሉ ታጥቦ መውጣት አለበት። ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽገው ቀለበት፣ ኦሪንጉም ከአዲሱ ዘይት ጋር መስማማቱ ይጣራ። ውሃ ከገባበት ቶሎ ይበላሻል፣ የአየር መተንፈሻውን ክዳን አደራ። ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ከመጋዙ ጀምሩ፤ ጫኚው ዘይት የሚያፈሰው ሲበላሽ ነው፣ መጋዙ ግን ደህና ሆኖ ሲሠራም ያፈሳል።