ጨው በእርግጥ በወርቅ ልክ ይመዘን ነበር? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ስለ ሰሐራ የሲራራ ንግድና ስለ ማሊ ነገሥታት ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱን እንመልሳለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በሰሐራ ንግድ አንድ ኪሎ ጨው በአንድ ኪሎ ወርቅ ይለወጥ ነበር ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው? (ከመቀሌ)

መልስ፦ አይደለም፤ ቁጥሩን ማየት ይበቃል። በ1352 በሰሐራ በረሃ ውስጥ በሚገኘው በተጋዛ የጨው ማዕድን በኩል ያለፈው የሞሮኮ መንገደኛ ኢብን ባቱታ ዋጋውን መዝግቦታል። አንድ ግመል ሁለት ትልልቅ የጨው ሰሌዳ ይጫናል። ያ ጭነት ከበረሃው ደቡብ ጫፍ ባለችው በዋላታ ከተማ ከ8 እስከ 10 ምስቃል ወርቅ ያወጣል፤ በማሊ ከተማ ከ20 እስከ 30፣ ሲወደድ ደግሞ 40 ይደርሳል። አንድ ምስቃል 4.25 ግራም ገደማ ስለሆነ 40 ምስቃል ማለት 170 ግራም ነው። የግመል ጭነት ከመቶ ኪሎ ይበልጣልና፣ በተወደደበት ቀን እንኳ የኪሎ ጨው ዋጋ ከሁለት ግራም ወርቅ በታች ነበር።

የነጋዴው ትርፍ ያለው ርቀቱ ላይ ነው። በተጋዛ ጨው ከመርከሱ የተነሣ ቤቱም መስጊዱም የሚሠራው በጨው ድንጋይ ነበር፤ ጣሪያው የግመል ቆዳ ነው። ቆፋሪዎቹ መሱፋ የሚባሉት የበረሃው የበርበር ጎሳ ሰዎች የያዟቸው ባሪያዎች ነበሩ፤ የዚህን ንግድ ሀብት ስናነሣ እነሱን መዝለል አይገባም። ደቡብ ሲደርስ ጨው በቁራጭ ተከፍሎ እንደ ገንዘብ ይሠራ ነበር። የአሞሌን ነገር ለሚያውቁት ለእርስዎ ይህ እንግዳ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ቅፍለቱ ውሃ ሳያልቅበት በረሃውን የሚያቋርጠው እንዴት ነበር? (ከጂዳ)

መልስ፦ ዝግጅቱ የሚጀምረው በሞሮኮ ካለው መነሻ ከተማ ከሲጂልማሳ ነው። ኢብን ባቱታ ግመሎቹን እዚያ ገዝቶ አራት ወር ቀለበ፤ ያልሰባ ግመል ለዚህ መንገድ አይሆንም። በየካቲት ወር፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ተነሡ። በ25ኛው ቀን ተጋዛ ደረሱ። የተጋዛ ውሃ ጨዋማ ነው፤ ቢሆንም ከዚያ ወዲያ ብዙውን ጊዜ ውሃ የማይገኝበት የ10 ቀን መንገድ ስላለ የግድ ይቀዳል።

ቀጥሎ ታሰረህላ የሚባል የውሃ ቦታ አለ። ቅፍለቱ እዚያ ሦስት ቀን ያርፋል፤ ማረፊያው ግን የሥራ ቦታም ነው። የቆዳ ስልቻዎቹ ይጠገናሉ፣ ውሃ ይሞላባቸዋል፣ ከላይ ሻካራ ማቅ ይሰፋባቸዋል። ማቁ የሚሰፋው ነፋሱን በመፍራት ነው። ደረቅ የበረሃ ነፋስ የሚመታው ስልቻ ሳይቀደድ ውሃው ያልቃል።

ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ክፍል ነው። ከመሱፋ ሰዎች አንዱ በ100 ምስቃል ወርቅ ይቀጠራል፤ ተክሺፍ ይሉታል። የነጋዴዎቹን ደብዳቤ ይዞ ብቻውን ወደ ዋላታ ይቀድማል። በደብዳቤው እያንዳንዱ ወዳጁን ቤት እንዲከራይለትና የአራት ቀን መንገድ ወጥቶ ውሃ ይዞ እንዲቀበለው ይለምናል፤ በዋላታ ወዳጅ የሌለው ለታወቀ ነጋዴ ይጽፋል። ተክሺፉ በመንገድ ከሞተ ዋላታ ያሉት ምንም አያውቁም፤ ቅፍለቱ በሙሉ ወይም አብዛኛው በውሃ ጥም ያልቃል። ኢብን ባቱታ ያየው ተክሺፍ አንድ ዓይኑ የጠፋ፣ ሁለተኛው የታመመ ነበር፤ መንገዱን ግን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። በሰባተኛው ሌሊት የተቀባዮቹን እሳት አዩ።

ሌላው አደጋ ከጓድ መለየት ነው። አንድ ነጋዴ ከዘመዱ ጋር ተጣልቶ ወደ ኋላ ቀረና እንደወጣ ቀረ። ቀድሞ ከፊት እየሄደ ከብቶቹን ሲያሰማራ የነበረው ኢብን ባቱታ ከዚያ ቀን በኋላ አልቀደመም፣ አልዘገየምም። ከሲጂልማሳ ዋላታ ለመድረስ ድፍን ሁለት ወር ፈጀባቸው።

ጥያቄ፦ የማሊው ንጉሥ መንሳ ሙሳ ያን ሁሉ ወርቅ ከየት አመጣ? እስልምናስ የገባው በሰይፍ ነው በንግድ? (ከደሴ)

መልስ፦ ሁለቱ ጥያቄዎች የተያያዙ ናቸው። ከማሊ በፊት የነበረችውን የጥንቷን የጋና መንግሥት የአንዳሉሱ ጸሐፊ አል በክሪ በ1068 ሲገልጻት፣ ንጉሡ ከሚገባ አንድ የአህያ ጭነት ጨው አንድ የወርቅ ዲናር፣ ከሚወጣ ሁለት ዲናር ይቀርጥ እንደነበር ጽፏል። እንክብል ወርቅ የንጉሡ ነው፤ ብናኙ ለሕዝቡ ይተዋል። ሁሉም ቢለቀቅ ወርቅ ይረክሳል የሚል ሥጋት ነበር። ንጉሡ ሙስሊም አልነበረም። ሆኖም ከእሱ ከተማ አጠገብ 12 መስጊድ ያለው የሙስሊሞች ከተማ ነበር፤ አስተርጓሚዎቹ፣ ግምጃ ቤት ጠባቂውና አብዛኞቹ ሹማምንቱም ሙስሊሞች ነበሩ። ይህ የሚያስገርም አይመስለኝም። በማያየው አገር ሸቀጡን በዱቤ የሚለቅ ነጋዴ ጽሑፍ፣ ምስክርና ዳኛ ይፈልጋል፤ የእስልምና ሕግ ከበረሃው ወዲህም ወዲያም አንድ ዓይነት ውል ሰጠው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመቀሪ ቤተሰብ አምስት ወንድማማቾች ሥራውን ተከፋፍለው ነበር። ሁለቱ በትለምሰን (በዛሬዋ አልጄሪያ)፣ ሁለቱ በዋላታ፣ አንዱ በሲጂልማሳ ተቀምጦ የዋጋውን ውጣ ውረድ ለሌሎቹ ይጽፍ ነበር።

ሰይፍም ነበረ፤ አልሙራቢጡን የተባሉት የሰሐራ በርበሮች የእስልምና ንቅናቄ ተከታዮች በ11ኛው ክፍለ ዘመን የንግድ ከተማዋን አውዳጉስትን በጦር ይዘዋል። ወርቅ አውጪዎቹ ዘንድ ግን ሰይፍ አልሠራም። የ14ኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፊ አል ዑመሪ እንደጻፈው፣ የማሊ ነገሥታት አንዱን የወርቅ አገር ድል አድርገው እስልምናን ባጸኑ ቁጥር የወርቁ ምርት ይቀንስ ነበር። ስለዚህ ሕዝቡን በእምነቱ ትተው የወርቅ ግብር መቀበልን መረጡ፤ የሙሳ ወርቅም ምንጩ ይኸው ነው።

ሙሳ በ1324 ለሐጅ ሲሄድ በካይሮ ብዙ ወርቅ በተነ። ቀድሞ ዋጋው ከ25 ድርሃም (የብር ገንዘብ) የማይወርደው የወርቅ ምስቃል ከዚያ ወዲህ ከ22 አልበለጠም፤ ይህም 12 ዓመት ያህል ቆየ። ቅናሹ ከመቶ 12 ገደማ ስለሆነ «የካይሮን ኢኮኖሚ አፈራረሰ» የሚባለው የተጋነነ ነው። በመልሱ ስንቁ አልቆበት ከካይሮ ነጋዴዎች ተበደረ፤ ለ300 ዲናር ብድር 700 ዲናር አተረፉበት። ይህን የጻፈው አል ዑመሪ በዚያው መጽሐፉ ስለ ይፋትና ስለ ሌሎች የኢትዮጵያ ሙስሊም ግዛቶችም ስለተረከ፣ ለእኛም ታሪክ ትልቅ ምንጭ ነው።

ሙሳ ከሐጅ ሲመለስ የግራናዳውን ባለቅኔ አስ ሳሂሊን ይዞ መጣ፤ የቲምቡክቱ ጅንገሬቤር መስጊድ ከእሱ ስም ጋር ይነሣል። በ1352 በማሊ ከተማ ዓርብ ቀን ማልዶ ያልሄደ ሰው ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ መስገጃ ቦታ አያገኝም ነበር፤ ሰዎች ምንጣፋቸውን አስቀድመው በልጅ ይልኩ ነበር። በዚያው ጊዜ በቤተ መንግሥት፣ ንጉሡ ሲያናግረው አቧራ በራሱ ላይ የሚነሰንስ ባለሟልም፣ በዒድ ቀን የወፍ ጭንብል አጥልቆ የሚያወድስ አዝማሪም ነበር።