መሄዱ ብቻውን የዓለም ዜጋ አያደርግም

እህቴ፣ «አንድ ዓመት ውጭ ብማር እውነት የዓለም ዜጋነት ስሜት ያሳድርብኛል ወይስ ለሲቪ ብቻ ነው?» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ ሁለት ዓመት ተምሬ ስለተመለስኩ የደረሰብኝን ልንገርሽ።

የመጀመሪያውን ሴሚስተር የጨረስኩት ከአገሬ ልጆች ጋር ብቻ ነው። አብረን እንበላለን፣ አብረን እናጠናለን፣ ማታ ማታ የሌላውን ሰው አመል እናማለን። «እኛ» እና «እነሱ» የሚለው ነገር ከመሄዴ በፊት ከነበረውም ብሶብኝ ነበር።

የለወጠኝ የግሩፕ ሥራ ነው። ከሦስት አገር ከመጡ ሦስት ልጆች ጋር አንድ ፕሮጀክት ተሰጠን፤ ውጤቱም የጋራ ነው። አንዷ ስንሰበሰብ ትንፍሽ አትልም። ሰነፍ መሰለችኝ፣ በጣምም ተናደድኩባት። አንድ ቀን አስተማሪያችን በስሟ ጠርቶ «አንቺስ?» ሲላት ደብተሯን ገለጠች። ሦስት ሳምንት የተጨቃጨቅንበት ስሌት የቱ ጋ እንደተበላሸ በቀይ እስክሪብቶ አስምራበታለች! ለምን ዝም እንዳለች ስጠይቃት «ተራዬ እስኪደርስ ነበር የጠበቅኩት» አለችኝ። እኔ ደግሞ ወሬ ተሻምቶ የሚወራ ነገር ነው ብዬ ነው ያደግኩት። የኔ ልማድ የሰው ሁሉ ልማድ እንዳልሆነ ከልቤ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ጎርደን ኦልፖርት የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1954 ያስቀመጠውን ሐሳብ ኋላ ሳነበው የራሴን ታሪክ ያነበብኩ ያህል ነበር። መገናኘት ጥላቻን በደንብ የሚቀንሰው ሰዎቹ በእኩልነት ሲገናኙ፣ ግባቸው አንድ ሲሆን፣ ተባብረው ሲሠሩና ተቋሙም ሲደግፋቸው ነው ይላል። በመጀመሪያው ሴሚስተር ከነዚህ አንዱም አልነበረኝም።

በዚያው ዓመት የዚችው ልጅ ከተማ በጎርፍ ተጥለቀለቀ። ሌሊቱን ሙሉ የጋራ ማብሰያ ክፍል ተቀምጣ ስትደውል፣ ስልኩ ሳይነሳ ሲቀር፣ አጠገቧ ነበርኩ። ሊነጋ ሲል እናቷ አነሱ። ከዚያ ወዲህ የጎርፍ ዜና ስሰማ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ግን ማዘን ብቻውን አይበቃም። ሞራይስና ኦግደን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት መለኪያ የዓለም ዜግነት ሦስት ነገር አለው፦ ኃላፊነት መሰማት፣ ከሌላው ባህል ጋር መሥራት መቻልና በተግባር መሳተፍ። ብዙዎቻችን ስንመለስ ሦስተኛው ላይ እንቀራለን፤ እኔም ዓመት ያህል ምንም አልሠራሁም።

ስለዚህ ፕሮግራም ስትመርጪ የዩኒቨርሲቲውን ስም ብቻ አትዪ። ማደሪያው የተለያየ አገር ተማሪዎች የተቀላቀሉበት ነው ወይ? ከአገሬው ተማሪዎች ጋር የግሩፕ ሥራ አለ ወይ? ብለሽ ጠይቂ። ከሌለ፣ አሁን ባለሽበት ግቢ ካሉ የውጭ ተማሪዎች ጋር አንድ ፕሮጀክት ብትሠሪ ይሻልሻል።