ካሜራ ይዛችሁ ጓሳ ለምትወጡ ልጆቼ

ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ፍለጋ ወደ መንዝ ጓሳ ስትወጡ አያለሁ፤ ደስም ይለኛል። እኔ ዕድሜዬን በፎቶግራፍ ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን ዓይኔ ወደ እግሬ ሥር ወርዷል። እዚያው ሣር ውስጥ ድር ዘርግታ የማትጠብቅ፣ ሮጣ የምትይዝ ሸረሪት አለች። ሳይንሱ ወገኗን ሊኮሲዴ ይለዋል፤ «ሊኮስ» በግሪክኛ ተኩላ ማለት ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እየተባልን ላደግን ሰዎች ያለ ወጥመድ የምታድን ሸረሪት ትገርማለች። ድሯን የምታውለው ለልጆቿ ነው። እንቁላሏን ጠቅልላበት ከኋላዋ አንጠልጥላ ትዞራለች፤ ሲፈለፈሉም ጀርባዋ ላይ አዝላቸው ትሄዳለች።

አንድ የጥቅምት ማለዳ ልጆቿን ያዘለች አገኘሁ። ፊቷ ወደ ጥላው ነበር። ብርሃን ያግኛት ብዬ በሣር ጭራሮ ገፋ አደረግኋት። ልጆቿ መሬት ላይ ተበተኑ። ጥቂቶቹ እግሯን ይዘው ተመልሰው ወጡ፤ የቀሩትን ሣሩ ዋጣቸው። ፎቶው ጥርት ብሎ ወጥቷል። እስከ ዛሬ ለማንም አላሳየሁትም።

ልጆቼ፣ እሷን አታዙሯት፤ እናንተ ዙሩ። እንዳትሮጥ ብሎ ፍሪጅ ውስጥ የሚያቆያትም አለ፤ እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ ብርዱ ራሱ ይረዳችኋል። ሸረሪት ሰውነቷን የምታሞቀው በፀሐይ ስለሆነ ማለዳ ላይ ፈዛዛ ናት። ጋቢያችሁን አንጥፋችሁ በሆዳችሁ ተኙ። ጥላችሁ አይረፍባት። የእግራችሁን ኮቴ ከመሬቱ ንዝረት ታውቀዋለች፤ ስለዚህ አንዴ ከተኛችሁ አትነቃነቁ፣ እስክትረሳችሁ ጠብቁ።

ከዚያ ፊቷን እዩት። ስምንት ዓይን አላት፦ ከታች አራት ትናንሽ በአንድ ረድፍ፣ ከእነሱ በላይ ሁለት ትልልቅ፣ ወደ ኋላ ገባ ብለው ደግሞ ሌላ ሁለት። ፎከሳችሁ ፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ ትልልቆች ላይ ይሁን። በማክሮ ሌንስ (ትንንሽ ነገርን ከቅርብ አጉልቶ በሚያነሳው) ተጠግታችሁ ስታነሱ ጥርት የሚለው ቦታ እጅግ ቀጭን ነው፤ ዓይኗ ከደበዘዘ ሌላው ሁሉ ቢያምርም አይጠቅምም። የሌንሱን የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ ካሜራው ላይ f/11 ወደሚለው አጥብቡት፣ ፍላሹንም በስስ ነጭ ወረቀት ሸፍናችሁ አለዝቡት።

ውርጩ ለከበዳችሁ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ወርዶ በምሽት መፈለግም ይቻላል። ቦቲ ጫማ አድርጉ፣ ባትሪውን ግንባራችሁ ላይ እሰሩ። ሣሩ ውስጥ የሚያብለጨልጨውን መጀመሪያ ጤዛ ነው ትላላችሁ። ጠጋ ስትሉ ብርሃኑን የሚመልሰው የእሷ ዓይን ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ቤተሰብ «ሸረሪት ትሸናብሃለች» ብሎ ቢያስፈራራችሁ በአክብሮት አስረዱ፤ ሸረሪት ሰው ላይ ሸንታ አታቆስልም።

ደብተርም ያዙ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ምን ስታደርግ እንዳገኛችኋት ጻፉ፤ ዘሯን ለመለየት የሚሞክር ሰው ከፎቶው እኩል ይፈልገዋል። ፊቷንም ጀርባዋንም አንሱ። በእኔ ደብተር የመጨረሻው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 1፡20፣ ጓሳ። እንቁላል ይዛለች። ፊቷ ወደ ጥላው ነው። አልነካኋትም።»