መልስ፦ ያገለገለ ሳቬጅ አክሲስ ለኮዮቴ አደን ይገዛል?

ውድ ጠያቂ፣ በቴክሳስ ፍየሎችዎን ከኮዮቴ (ቀበሮ መሰል የሰሜን አሜሪካ አውሬ) ለመጠበቅ፣ .223 ሬሚንግተን የተባለውን ጥይት የሚተኩስ ያገለገለ ሳቬጅ አክሲስ ጠመንጃ ልግዛ ወይ ብለው ጠይቀዋል። በርሜሉ ደህና ከሆነ ይግዙት እላለሁ፤ ጠመንጃው የረከሰው በፕላስቲክ ሰደፉና በቀላል አሠራሩ እንጂ ዒላማ በመሳት አይደለምና፣ ከ50 እስከ 55 ግሬን (የአረር ክብደት መለኪያ) በሚመዝን አረር 200 ያርድ ላይ ያለ ኮዮቴ ለመጣል ይበቃዎታል።

ጠመንጃው ጥይት እንዳልጎረሰ ካረጋገጡ በኋላ ቦልቱን (ጥይት የሚያጎርሰውን ተንቀሳቃሽ ብረት) አውጥተው የበርሜሉን ውስጥ በብርሃን ይመልከቱ፤ ዝገት የቦረቦረው ቦታ፣ ወይም ጥይቱ ከሚቀመጥበት ክፍል ቀጥሎ የተሸረሸረ ጥምዝ መስመር ካዩ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢቀንስ ይተዉት። የፕሬሪ ዶግ (ጉድጓድ ውስጥ የምትኖር የሽኮኮ ዘመድ) አዳኞች በአንድ ቀን እጅግ ብዙ ጥይት ስለሚተኩሱና የጋለ በርሜል ቶሎ ስለሚበላ፣ ሻጩ ምን ሲያድንበት እንደነበር መጠየቅ አይዘንጉ። የመጀመሪያው አክሲስ ቃታ ከባድ ነው፤ ተከታዩ ሞዴል አክሲስ 2 ግን የሚስተካከል ቃታ ስላለው፣ የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ እርሱን እመርጣለሁ። አብሮት የሚሸጠውን ርካሽ የማነጣጠሪያ መነጽር በዋጋው ውስጥ አይቁጠሩት። ሻጩ የሌላ ግዛት ነዋሪ ከሆነ ደግሞ ርክክቡ የፌዴራል ፈቃድ ባለው የጦር መሣሪያ ነጋዴ በኩል መፈጸም አለበት።