አልጌውን የገደለው ናኖ ብሩ ነው ወይስ አዮኑ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሲልቨር ናይትሬት (ውሃ ውስጥ የሚሟሟ የብር ጨው) ከሽፈራው ቅጠል ጭማቂ ጋር ቀላቅዬ ቡናማ ሆነልኝ። ናኖ ብር (እጅግ ደቃቅ የብር ቅንጣት) ሠራሁ ማለት ነው?

መልስ፦ ገና ነው። ጭማቂው ብቻውንም ሲቆይ ይጠቁራል፤ በዩቪ-ቪስ (ፈሳሹ የሚመጠውን ብርሃን በሚለካው መሣሪያ) ከ400 እስከ 450 ናኖሜትር መካከል ጉብታ ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ አንዲት የማስተርስ ተማሪ በዚሁ መንገድ የሠሩትን ናኖ ብር አልጌ ላይ ሞክረው አልጌው አለቀ። «የቅንጣቱ ማነስ ነው የገደለው» ብለው ቢጽፉ ገምጋሚው «የአዮን ኮንትሮሉ (የሟሟ ብር ብቻ የገባበት ማነጻጸሪያ) የታለ?» ብሎ መለሰባቸው። ነገር ፍለጋ አይደለም ወይ? ይላሉ።

መልስ፦ አይደለም። እኔንም የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። የብር ቅንጣት ውሃ ውስጥ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ላዩን ኦክስጅን እየበላው የብር አዮን፣ ማለትም የሟሟ ብር ይለቃል፤ አዮኑ ደግሞ ብቻውን አልጌ ይጨርሳል። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ጥናት ክላሚዶሞናስ በተባለው አልጌ ላይ የተሞከረ ናኖ ብር፣ አዮኑን አጥብቆ የሚይዘው ሲስቴይን የተባለ አሚኖ አሲድ ሲጨመርበት መርዝነቱ ጠፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2007ም የዚንክ ኦክሳይድ ናኖ፣ ተራው ዱቄትና የሟሟ ዚንክ አልጌ ላይ ያደረሱት ጉዳት ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል።

እንደገና ሲሠሩት አራት ረድፍ ፍላስክ ያሰልፉ፦ ናኖው፣ ሲልቨር ናይትሬት (የአዮን ኮንትሮሉ ይኸው ነው)፣ በዚያው መጠን የቀጠነ ጭማቂ ብቻ፣ ምንም ያልገባበት። የጭማቂውን ረድፍ ብዙዎች ይረሱታል፤ እሱም ራሱ አልጌ ሊጎዳ ይችላል። የማሳደጊያው ውሃ በሁሉም አንድ ይሁን፤ ክሎራይድ ብሩን ስለሚያዘቅጠው ሁለት ዓይነት ውሃ ማወዳደር ዋጋ የለውም። 157.5 ሚሊግራም ሲልቨር ናይትሬት በዲስቲልድ ውሃ አንድ ሊትር ሲሞላ፣ በሊትር 100 ሚሊግራም ብር ይሰጣል፤ ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ ያኑሩት። ነጭ ደመና ከታየበት ውሃው ክሎራይድ ነበረበትና ያስወግዱት፤ ሲንክ ውስጥ ግን አይደለም!

የሟሟውን ብር ለመለየት 0.22 ማይክሮን ማጣሪያ አይበጅም፤ ቅንጣቱ ሾልኮ ያልፋል። 3 ኪሎዳልተን ማጣሪያ (ቅንጣቱን አስቀርቶ የሟሟውን የሚያሳልፍ) ባለው ቱቦ በሴንትሪፊዩጅ አሽከርክረው የወረደውን ያስለኩ፤ ሲጀምሩም፣ በ72ኛው ሰዓትም። የተለካው አዮን በሲልቨር ናይትሬቱ ረድፍ ያደረሰውን ያህል ጉዳት ብቻ ካዩ ቅንጣቱን አይክሰሱ፤ ከበለጠ ያን ጊዜ የሚጻፍ ነገር አለ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የናኖ ብር ቀለም ከክሎሮፊል ጋር ስለሚደራረብ በስፔክትሮፎቶሜትር ከመገመት ሴሉን በማይክሮስኮፕ ይቁጠሩ። በሚሊሊትር ከ10,000 ሴል ተነሥቶ፣ ምንም ያልገባበት ፍላስክ በ72 ሰዓት ቢያንስ 16 እጥፍ ካልሆነ ሙከራው ከነጭራሹ አልሠራም።

ጥያቄ፦ ቆሮሶ ዓሣ የሚያረቡ አንባቢ፣ ነጋዴ ናኖ ብር «የኩሬ መድኃኒት ነው» ብሏቸዋል።

መልስ፦ አይግዙ። ብር በሽታ አምጪውን ከጠቃሚው አይመርጥም፤ የዓሣውን አሞኒያ ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ደግሞ ለብር ስስ ናቸው። እነሱ ሲሞቱ አሞኒያው ይከማቻል። ከሰዓት በኋላ አልጌው የውሃውን ፒኤች ወደ 9 ሲያደርሰው፣ በ25 ዲግሪ ከአሞኒያው ሲሦ የሚበልጠው ዓሣ ገዳዩ ዓይነት ይሆናል፤ ፒኤች 7 ላይ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። አስቀድመው ጨምረው ከሆነ ምግብ ያቁሙ፣ ሩቡን ውሃ ይለውጡ፣ አሞኒያውን ይለኩ። ዓሣው መታመሙን ከቀጠለ ሰበታ ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ያማክሩ።

ጥያቄ፦ ናኖ ብር ለጨጓራ ቢጠጣስ?

መልስ፦ አይጠጣም! ቆዳን አመድማ ሰማያዊ ሊያደርግ ይችላል፤ ቀለሙም አይለቅም። እየጠጡ ያሉ ሰው ዛሬውኑ ያቁሙና ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም።

ጥያቄ፦ ፀረ ሽታ የብር ካልሲ ወንዝ ይመርዛል?

መልስ፦ ፍሳሹ ማጣሪያ ጣቢያ ከገባ ብሩ በአብዛኛው ከሰልፋይድ ጋር ተጣብቆ ዝቃጩ ውስጥ ይቀራል፤ መርዝነቱም በእጅጉ ይወርዳል። በቀጥታ ወንዝ ከገባ ግን ይህ ዋስትና የለም። ለማንኛውም ተራ ካልሲም በየቀኑ ቢታጠብ አይሸትም።

ጥያቄ፦ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ናኖ ባክቴሪያ ላይ ሞክሬ ምንም አላደረገም።

መልስ፦ ኢንኩቤተር ውስጥ በጨለማ ነው የሞከሩት አይደል? ይህ ቅንጣት በአብዛኛው የሚጎዳው አልትራቫዮሌት ሲያርፍበት ነው። በዩቪ-ኤ መብራት ይድገሙት፤ መብራቱ ብቻ የበራበት፣ ቅንጣት የሌለበት ሳህንም አብረው ያስቀምጡ።