የአንባቢያን ጥያቄ፦ ፌዛንት ካየ ጆሮ የሌለው ስፔንየል

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ኢንግላንድ ሰሜን ዮርክሸር ገጠር ውስጥ የላም እርባታ ላይ ነው የምሰራው። አለቃዬ የስፕሪንገር ስፔንየል ቡችላ ሰጥቶኝ አሁን አስር ወር ሆኖታል፣ እናትም አባትም አደን ላይ የሚሰሩ ውሾች ናቸው። ቤት ውስጥ ቁጭ በል ስለው ቁጭ ነው፣ ሜዳ ስንወጣ ግን ፌዛንት የሚባለውን የአደን ወፍ ወይ ጥንቸል ካየ በቃ፣ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ብጠራው ዞሮ አያየኝም፣ ሲደክመው ምላሱን አንጠልጥሎ ይመጣል። የሰፈሩ ሰዎች የአደኑ ወቅት ሲከፈት ቁጥቋጦ እየመቱ ወፍ ከሚያስነሱት ጋር ይዘኸው ና ብለውኛል፣ ይደርስልኛል ወይ? አንዱ ደሞ አልታዘዝ ሲል አንገቱን የሚነዝረውን የኤሌክትሪክ ኮላር ግዛለት አለኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ውሻህ ምንም አልሆነም፣ የተፈጠረበትን ስራ ነው እየሰራ ያለው። ስፔንየል ማለት ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ወፍ አሽትቶ ከተደበቀበት እንዲያስነሳ ስንት ትውልድ ሙሉ እየተመረጠ የተዳቀለ ውሻ ነው፣ የውሻ ዘር የሚመዘግበው የብሪታንያው ኬኔል ክለብ ስፕሪንገርን ለብቻው ዘር ብሎ የተቀበለው በ1902 ይሁን እንጂ ስራውን ከዛ በፊትም ሲሰራው ነበር። ስለዚህ መሮጡን፣ ማሽተቱን፣ እሾህ ውስጥ መግባቱን ማንም አያስተምረውም፣ አንተ የምታስተምረው መቆምን ነው። መቆም ሳይችል ወፍ ያለበት ሜዳ ላይ ከተለቀቀ ደሞ ማባረሩ ራሱ ሽልማት ይሆንበታል፣ ያኔ ኪስህ ውስጥ ያለችው ብስኩት ምን ትሰራለታለች?

አገር ቤት ወይፈን ሲገራ በመጀመሪያው ቀን ጭንጫ መሬት ላይ አይጠመድም አይደል፣ ይሄም እንደዛው ነው። ለጊዜው ፌዛንትና ጥንቸል የሚበዛበት ቦታ ልቅ መልቀቅ የለም፣ አስር ሜትር የሚሆን ቀለል ያለ ገመድ አንገቱ ላይ አድርግለትና ባዶ የግጦሽ ሜዳ ላይ ስሩ። ፊሽካ ግዛ፣ እዛ አገር ስፔንየል ያላቸው ሰዎች የሚበዙት በርሚንግሃም የሚሰራውን አክሚ የሚባል ፊሽካ 210.5 ቁጥሩን ነው የሚይዙት፣ ቁጥሩ ያስፈለገበት ምክንያት ድምፁ ሁልጊዜ አንድ አይነት ስለሆነ ነው፣ ቢጠፋብህ ሌላ ስትገዛ ውሻው ልዩነቱን አያውቀውም። ደሞም ፊሽካ አይናደድም፣ ያንተ ድምፅ ግን ሲናደድ ይታወቅበታል ውሻውም ይሄን ቶሎ ነው የሚለየው።

አንድ ረጅም ፊሽካ ማለት ባለህበት ቁጭ በል። ይሄን ከምግብ ሰሃኑ ጀምርለት። ሰሃኑን ይዘህ ቁም፣ ቁጭ በል በል፣ ቂጡ መሬት ሲነካ ረጅሟን ፊሽካ ንፋ፣ ትንሽ አቆየውና ሰሃኑን አስቀምጥለት። በየቀኑ እንዲህ ስትል ፊሽካዋ ብቻዋን ታስቀምጠዋለች፣ ከዛ ጓሮ፣ ከዛ ገመድ ላይ ሆኖ ሜዳ፣ ከዛ ካንተ ርቆ እየሄደ እያለ። እየሮጠ ሳለ በአንድ ፊሽካ ዱብ ብሎ ቁጭ ካለ አብዛኛው ስራ አልቋል፣ በእውነት ነው የምልህ። «ና» ለማለት ፈጠን ያሉ አጫጭር ፊሽካዎች፣ አቅጣጫ ቀይር ለማለት ሁለት አጭር፣ ሌላ አያስፈልግህም።

አሁን አንድ ነገር ልብ ብለህ ተመልከት፣ የጭራውን ፍጥነት። ዝም ብሎ ሲሮጥ ጭራው የተለመደውን ውዝወዛ ነው የሚያደርገው፣ ሽታ ሲያገኝ ግን ድንገት ይፈጥናል፣ አፍንጫው መሬት ላይ ይለጠፋል፣ ከወገቡ ጀምሮ ይንቀጠቀጣል። ወፉ ከመነሳቱ በፊት ያለችህ ጊዜ እቺው ናት። ፊሽካውን ያኔ ከነፋህ ይሰማሃል፣ ወፉ ከተነሳ በኋላ ብትነፋው ግን ለአየሩ ነው የነፋኸው። መጨረሻ ላይ የምትፈልገው ወፍ ፍርር ብሎ ሲነሳ ውሻው ራሱ ሳይነገረው ቁጭ ብሎ እያየ እንዲቀር ነው። ይሄ ለማማር አይደለም፣ ዝቅ ብሎ የሚበር ወፍ እያባረረ ጠመንጃ የተደገነበት ቦታ የሚገባ ውሻ ሊመታ ይችላል።

ገመዱ ከወረደ በኋላ ፊት ለፊትህ ግራና ቀኝ እየተመላለሰ እንዲያስስ ታስለምደዋለህ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዛችሁ ጀምሩ፣ ሽታው ወደ አፍንጫው ስለሚመጣለት አይርቅም። ከሃያ ሜትር ብዙ አይለፍ፣ ጠመንጃው ከሚደርስበት ርቆ የሚነሳ ወፍ ለማንም አይጠቅምም። ሊያልፍ ሲል ሁለቷን አጭር ፊሽካ ንፋና አንተ ወደ ሌላው ጎን ሂድ፣ ተከትሎህ ይዞራል።

ኳስ በመወርወሪያ እየወረወርክ አታድክመው፣ የሚሮጥ ነገር ሁሉ የእሱ እንደሆነ ነው የሚማረው። በሸራ የተሰራውን የማለማመጃ ዳሚ ወርውር፣ እሱ ቁጭ ብሎ እያየ ብዙውን ጊዜ አንተ ራስህ ሄደህ አንሳው፣ አንዳንዴ ብቻ እሱን ላከው። ሲያመጣልህ ከአፉ አትንጠቅ፣ በገመድ የመጓተት ጨዋታም ይቅር፣ ስፔንየል ወፉን ሳይጨፈልቅ በለስላሳ አፍ ነው ማምጣት ያለበት።

ስለ ኮላሩ፣ ተወው። ዌልስ ውስጥ ከ2010 ጀምሮ በህግ የተከለከለ ነው፣ ህጉንም ብንተወው ውሻው ሲያመው ህመሙን ከምን ጋር እንደሚያያይዘው አንተ አትወስንለትም። ከወፉ ጋር ካያያዘው ወፍ አሽትቶ እንዳላየ ዞሮ የሚሄድ ውሻ ይሆንብሃል፣ ያን ማዳን ደሞ ከማባረሩ የባሰ ነው።

የፌዛንት ወቅት ኢንግላንድ ውስጥ ከኦክቶበር 1 እስከ ፌብሩዋሪ 1 ነው። እኔ ብሆን ዘንድሮ ብቻህን ሂድና ሰዎቹ እንዴት እንደሚሰሩ እይ፣ ውሻው ዓመት ከመንፈቅ ካለፈው በኋላ ለሚቀጥለው ይድረስ፣ ሌሎች ሃያ ውሾች መሀል ገብቶ በአንድ ቀን የተማረውን ሁሉ ሊረሳ ይችላል። ደሞ ያለኸው በግ አገር ነው፣ በግ የሚያባርርን ውሻ ገበሬው ሌላ ማስቆሚያ አጥቶ ቢተኩስበት የ1971ዱ የእንስሳት ህግ ከተጠያቂነት ሊያድነው ይችላል፣ ስለዚህ በግ ባለበት ማሰሪያው አይውረድ። ሙር በሚባሉት ለሰው ክፍት የሆኑ ዛፍ አልባ የደጋ መሬቶች ላይም ከማርች 1 እስከ ጁላይ 31 ወፎች ስለሚፈለፍሉ ከሁለት ሜትር ያልበለጠ ማሰሪያ ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን አሉ? ብሪስቶል ነው ያለነው፣ ልጆቼ የኮከር ስፔንየል ቡችላ ካልገዛሽልን ብለው አስጨንቀውኛል። ያየነው ቡችላ የአደን ዘር ነው ይላሉ፣ እኛ ግን አደን የሚባል አናውቅም። እናቴ ደሞ አብራን ናት፣ ውሻ ሳሎን ገብቶ ማየት አትወድም። ይሆነናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ኮከር ሁለት አይነት ነው። ለውድድር መድረክ የሚረባው ፀጉሩና ጆሮው ረጅም ነው ረጋም ይላል፣ የአደኑ ዘር ጆሮው አጠር ያለ፣ ቀለል ያለና እረፍት የማያውቅ ነው። የአደኑን ከወሰድሽ አደን ባትሄዱም ስራ ትሰጪዋለሽ፣ የግድ ነው። ብዙዎቻችን ያደግነው ቀን ታስሮ ሌሊት ግቢ ከሚጠብቅ ውሻ ጋር ነው፣ እንደዛ የታሰረ ስፔንየል ግን ቀኑን ሙሉ ሲያለቅስና በር ሲያኝክ ይውላል። ለአፍንጫው ስራ ስጡት፣ ልጆቹ አሻንጉሊቱን ሳር ውስጥ ይደብቁና ፈልግ ይበሉት፣ ሰፊ ሜዳ ላይ ከመሮጥ የበለጠ ያደክመዋል። ፖሊስና ጦር ፈንጂ ለማሽተት ስፔንየል የሚወዱት በዚሁ አፍንጫ ነው፣ በስተር የሚባል ስፕሪንገር በ2003 ኢራቅ ሳፍዋን ላይ ተደብቆ የነበረ መሳሪያ አግኝቶ ለእንስሳት የሚሰጠውን ዲኪን ሜዳልያ ተሸልሟል።

እናትሽን አታስቸግሪያቸው፣ ሳሎን ባይገባ ምንም አይጎዳም። የአደን ስፔንየል ብዙው ውጪ በደረቅ ቤት ነው የሚያድረው፣ ወጥ ቤት ጥግ የራሱ ቦታ ካለውና በቀን በቂ ሰው ካገኘ ይበቃዋል።

ስትገዢ እናቲቱን ከቡችሎቿ ጋር ሳታዪ ብር አትክፈዪ፣ ኢንግላንድ ውስጥ ከ2020 ጀምሮ በነጋዴ በኩል ቡችላ መሸጥ ክልክል ነው። ማንነቱ የሚታወቅበት ቺፕ ከቆዳው ስር ተደርጎለት መሰጠት አለበት፣ የወላጆቹንም የዓይንና የኩላሊት ዲኤንኤ ምርመራ ወረቀት ጠይቂ። ከሜዳ በተመለሰ ቁጥር ጆሮውን ገልብጠሽ እዪ፣ ጣቶቹ መሀል ያለውንም ፀጉር በእጅሽ ዳስሺ፣ በበጋ ሹል የሳር ፍሬ ቆዳውን በስቶ ይገባል፣ ጭንቅላቱን አንድ ጎን አዘንብሎ ከነቀነቀ በዛው ቀን ሀኪም ጋ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የተኩስ ድምፅ እንዲለምድ ውሻዬን የሸክላ ዒላማ የሚተኮስበት ሜዳ ልውሰደው ወይ?

መልስ፦ እባክህ አትውሰደው። አንዴ በተኩስ የደነገጠ ውሻ ብዙ ጊዜ አይመለስም። ሩቅ ካለ ድምፅ ጀምር፣ አንድ ሰው ሁለት መቶ ሜትር ርቆ አንድ ጊዜ ይተኩስ፣ ውሻው በዛች ሰዓት የሚወደውን ነገር እያደረገ ይሁን፣ ዳሚ ሊያመጣ ሲሮጥ ለምሳሌ። ጆሮውን ቀና አድርጎ ወደ ስራው ከተመለሰ በሌላ ቀን ትንሽ ትቀርባላችሁ፣ ጭራውን ከወሸቀ ወይ ወደ እግርህ ከተጠጋ ግን ሳታባብለው ዝም ብለህ ይዘኸው ሂድና በሚቀጥለው ርቀቱን ጨምር።